ጤፍ እየበሉ ደም የሚያንሳቸው እናቶች

በክትትል ቀን የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቦታ ያጣል። ነፍሰ ጡሮቹ ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዷ ከአማቷ ጋር፣ አንዳንዷ የመጀመሪያ ልጇን አዝላ መጥታለች። አዋላጇ አንድ በአንድ እያስገባች ክብደት ትመዝናለች፣ የደም ግፊት ትለካለች፣ ሆድ ትዳስሳለች፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጋ ቅላቱን ታያለች። ከዚያ ላብራቶሪ ይኬዳል፤ ከጣት ጠብታ ደም ይቀዳና ውጤቱ በቁራጭ ወረቀት ይመለሳል። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ያለው ንግግር አጭር ነው። «ደምሽ ትንሽ ዝቅ ብሏል። አይረን ትወስጃለሽ፤ ጥሩ ጥሩ ምግብም ብዪ።» እንክብሎቹ በትንሽ ከረጢት ይሰጣሉ፣ ቀጠሮው ካርዱ ላይ ይሰፍራል፣ ባለተራዋ ትጠራለች።

ሁለቱም ምክሮች ትክክል ናቸው፤ ግን ሁለቱም ጎደሎ ናቸው። ነፍሰ ጡሯ እንክብሏን በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር እንደምትውጥ፣ ሲያቅለሸልሻት ምን እንደምታደርግ ብዙ ጊዜ አይነገራትም። «ጥሩ ምግብ» ሲባልም አንዷ ሥጋን፣ ሌላዋ ወተትን፣ ሦስተኛዋ ቀይ ሥርን ታስባለች። እዚህ የሚቀርበው ክርክር አንድ ነው። በአገራችን፣ በተለይ በደጋው፣ የነፍሰ ጡሮች የብረት እጥረት በአብዛኛው የሚመጣው ከማዕዱ ላይ ብረት ጠፍቶ አይደለም። የተበላው ብረት አንጀት ውስጥ እንዳለ አልፎ ስለሚወጣ፣ የተሰጠውም እንክብል ከረጢቱ ውስጥ ስለሚቀር ነው። «ምን ትብላ?» የሚለውን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቀዋል። «መቼ፣ ከምን ጋር፣ እስከ መቼ?» የሚለው ግን ጠያቂ የለውም፤ ብዙው ነገር የሚወሰነው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

## አንድ ግራም ብረት

አንድ እርግዝና ከመጀመሪያው እስከ ምጥ ድረስ በጠቅላላው ወደ 1,000 ሚሊ ግራም ብረት ይፈልጋል። ከዚህ ውስጥ 300 ያህሉ ለጽንሱና ለእንግዴ ልጁ ይውላል። ግማሹን የሚወስደው የእናቲቱ የራሷ ደም ነው፤ በእርግዝና የደም መጠን ስለሚጨምር አዳዲስ ቀይ የደም ሕዋሳት መሠራት አለባቸው። ቀሪው ሰውነት ከአንጀትና ከቆዳ በየዕለቱ የሚያጣው ነው። አንድ ግራም በሚዛን ሲታይ ኢምንት ነው። ይሁንና ብዙ ሴቶች እርግዝናውን የሚጀምሩት በየወሩ ከሚፈሰው ደምና ከቀደመ ወሊድ በተረፈ፣ 300 ሚሊ ግራም እንኳ በማይሞላ ክምችት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባ ስለሚቆም የነፍሰ ጡሯ ሰውነት በቀን ወደ 1 ሚሊ ግራም ወደ ደም የገባ ብረት ይበቃዋል። በመጨረሻዎቹ ወራት ግን ፍላጎቱ 6 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ የሚጠበቀው ብረት በአንድ ሳምንት «ጥሩ ምግብ» የሚሞላ አይደለም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው እጥረቱ ሳይታይ መምጣቱ ነው። መጀመሪያ የሚያልቀው በጉበትና በአጥንት መቅኔ የተቀመጠው ክምችት ነው፤ ይህን የሚያሳየው ፌሪቲን የተባለው ምርመራ ሲሆን በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ላብራቶሪው ከጣት ደም የሚለካው ሄሞግሎቢን የሚወርደው ክምችቱ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢኗ «ደህና ነው» የተባለች ሴት ክምችቷ ባዶ ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹም ያታልላሉ። ድካም፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ብድግ ሲሉ ማዞር በማንኛዋም እርጉዝ ላይ የሚታዩ ናቸው፤ ቤተሰቡም ሴትዮዋ ራሷም «እርግዝና ነው» ብለው ያልፏቸዋል። አፈር፣ አመድ ወይም ከሰል ማማር ግን በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። ብዙዎች እንደ ተራ አምሮት ያዩታል፤ ሐኪሞች ግን የብረት እጥረት ተደጋግሞ አብሮት ስለሚገኝ ሲሰሙት ደም ያስመረምራሉ። እናቶች ስለሚያፍሩበት ሳይጠየቁ አይናገሩትም፤ አዋላጆች በግልጽ ቢጠይቁ መልካም ነው።

በኢትዮጵያ ሌላ ልዩ ጉዳይ አለ፤ ከፍታ። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ነፍሰ ጡር ሴት ሄሞግሎቢኗ በዴሲ ሊትር ደም ከ11 ግራም በታች ሲሆን ደም አንሷታል ይባላል፤ በሁለተኛው ሦስት ወር ደሙ በተፈጥሮ ስለሚቀጥን ወሰኑ ወደ 10.5 ዝቅ ይላል። ይህ ግን በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው የወጣ ቁጥር ነው። አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ ሰውነት ኦክስጅን ለማካካስ ብዙ ሄሞግሎቢን ስለሚሠራ የደገኛዋ ቁጥር ከፍ ብሎ ይነበባል። መተማ የምትኖር ነፍሰ ጡርና ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ደብረ ብርሃን የምትኖር ነፍሰ ጡር ሁለቱም 11.5 ቢወጣላቸው ውጤታቸው አንድ አይደለም። ከደብረ ብርሃኗ ላይ ለከፍታው ከአንድ ግራም ተኩል በላይ ሲቀነስ ከወሰኑ በታች ትወርዳለች። ካርዷ ላይ ግን ቁጥሩ ጤነኛ መስሎ ይታያል።

እጥረቱ የሚያስከፍለው ዋጋ በዋናነት በወሊድ ሰዓት ይታያል። በወሊድ ወቅት የሚከሰት የደም መፍሰስ በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ቀዳሚው ነው። ሄሞግሎቢኗ 12 የሆነች ሴት የምትቋቋመውን መፍሰስ 7 የሆነችዋ አትቋቋመውም። ሕፃኑም ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል። ከእናት ጡት የሚገኘው ብረት ጥቂት በመሆኑ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚጠቀመው ከማሕፀን ይዞት የመጣውን ክምችት ነው፤ ያ ክምችት ከጎደለ አእምሮው በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ ይጎድለዋል።

> ካርዷ ላይ ያለው ቁጥር ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ደጋው ከፍ አድርጎት ነው።

## የጤፍ ብረት

ኢትዮጵያውያን ስለ ደም ማነስ ሲያወሩ የማይቀር ጥያቄ አለ። ጤፍ በብረት የታወቀ እህል ነው፤ ታዲያ ጤፍ የሚበላ ሕዝብ እንዴት ደም ያንሰዋል? ጥያቄው የቆየና ቁም ነገር ያለው ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ዩንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ኢትዮጵያውያን በምግብ የሚያገኙት ብረት ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍተኛ መሆኑን አሳይተው ነበር። አብርሃም በስራትና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ምርመራ የዚያን ብረት ምንጭ ለይተው ጠየቁ። ያገኙት መልስ ሊታወስ ይገባዋል፤ በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው ከፍሬዋ ሳይሆን ከአፈሩ የመጣ ነው። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነች፣ በአውድማ ላይም በበሬ እግር ስለምትወቃ አፈር ይጣበቅባታል። በሚገባ ስትታጠብ ብረቷ ወደ ሌሎቹ እህሎች ደረጃ ይወርዳል። የአፈር ብረት በላብራቶሪ ይቆጠራል፣ በአንጀት በኩል ግን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ ጤፍን ማዋረድ አይደለም። የፍሬዋ የራሷ ብረትም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን በእህል ሁሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረቱን ጨብጦ ይይዘዋል። እዚህ ላይ የእናቶቻችን ሙያ ትልቅ ዋጋ አለው። ሊጡ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ብረቱም ይላቀቃል። በችኮላ ለአንድ ሌሊት ብቻ የቦካ ወይም በቤኪንግ ፓውደር የተነሳ እንጀራ ይህን ጥቅም ያጣል። ከተማ ውስጥ እንጀራ ከሱቅ የምትገዛ ነፍሰ ጡር ሊጡ ስንት ቀን እንደቦካ የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ስለ ብረት ከተነሳ በሁለት ዓይነት ይገኛል። ከሥጋ፣ ከዶሮና ከዓሣ የሚገኘውን ሰውነት ከመቶ 15 እስከ 35 ድረስ ይወስደዋል። ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ከመቶ ዐሥር እንኳ አይሞላም፤ አብሮት በሚበላው ነገር ይወጣል፣ ይወርዳል። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ብርቱካን በውስጣቸው ባለው ቫይታሚን ሲ ያሳድጉታል። ስለዚህ የምስር ወጥ ከቃሪያና ከቲማቲም ሰላጣ ጋር፣ ጎመን ላይ ሎሚ ተጨምቆበት ሲበላ ያው ምግብ ሌላ ምግብ ይሆናል። ጥሬ ቃሪያ ለብዙ ቤት የማይከብድ፣ በቫይታሚን ሲ ግን የተትረፈረፈ ነው። የቀይ ሥር ነገር ግን በቀለሙ የተነሳ ከሚገባው በላይ ተመስግኗል፤ 100 ግራም ቀይ ሥር ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ብረት እንኳ የለም። ጉበት በብረት የበለጸገ ቢሆንም የቫይታሚን ኤ ብዛቱ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለጽንስ ስለማይመች ማዘውተር አይመከርም። ጥሬ ክትፎና ዱለትም በእርግዝና ጊዜ ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ፤ ሥጋው በደንብ ይብሰል።

የማብሰያው ዕቃም ድርሻ አለው። በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ፣ በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት በብረት ድስት የበሰለ የሚበሉ ልጆች በአሉሚኒየም ድስት ከሚበሉት የተሻለ የደም መጠን እንዳላቸው አሳይቷል። አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ወጥ ቤቱን ሁሉ ወርሷል።

እዚህ ድረስ የተባለው የደጋውን ማዕድ የሚመለከት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ደም ማነስ ከሁሉ በላይ የበረታው በሶማሌና በአፋር ክልሎች ነበር፤ ዝቅተኛው አዲስ አበባ ነበር። በአርብቶ አደሩ ቤት ዋና ምግብ ወተት ነው፤ ወተት ደግሞ ብረት የለውም ማለት ይቻላል፣ ካልሲየሙም የሌላውን ምግብ ብረት ይከለክላል። በዚያ ላይ በየሰዓቱ የሚጠጣው ሻይ አለ፤ ወባም አለ። ከብት የሞላበት ቤት ሥጋ የሞላበት ቤት ነው ብሎ መገመት ስህተት ነው።

> ወተት ብዙ ነገር አለው፤ ብረት ግን የለውም።

## ቡናው ከምሳ በፊት ወይስ በኋላ?

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ቡናና ሻይ ነው። በውስጣቸው ያሉት ፖሊፌኖሎች አንጀት ውስጥ የእህሉን ብረት ይይዙታል። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሙከራ ነገሩን በግልጽ ለክቶታል። ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት ከመቶ 39 ቀነሰው፤ ሻይ ደግሞ ከመቶ 64። ከዚህ ቁጥር በላይ ለእኛ የሚጠቅመው የሙከራው ሌላ ውጤት ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ልክ አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀነሰ። ምግቡ ገና አንጀት ውስጥ ነዋ።

ይህ ግኝት የኢትዮጵያን ቤት የዕለት ሥርዓት በቀጥታ ይነካል። ቡና የሚፈላው በአብዛኛው ከቁርስና ከምሳ በኋላ ነው፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ተከትሎ ይመጣል። ጎረቤት የተጠራበትን ሥርዓት ነፍሰ ጡር ስለሆንሽ ተዪ ማለት ከንቱ ምክር ነው፤ ማንም አይከተለውም፣ ተገቢም አይደለም። ሰዓቱን ማዛወር ግን ይቻላል። ቡናው ከምሳ በፊት፣ ወይም ምግቡ በደንብ ከወረደ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይፍላ። ቡናና ሻይ ከካፌይን አንጻር በእርግዝና ጊዜ በመጠን መሆናቸው ያው ነው፤ ግን አንዲት ሴት ሦስቱንም ስኒ ትታ በምሳ ላይ ሻይ ብትጠጣ ያተረፈችው ነገር የለም።

አማቶችና እናቶች እዚህ ላይ ሊደመጡ ይገባል። ቡናውን የሚያፈሉት፣ ሰዓቱን የሚወስኑት፣ «አንድ ስኒ ምን ያደርጋል» የሚሉትም እነሱ ናቸው። ክትትሉ ላይ አብረው የሚመጡት እነሱ ሆነው ሳለ ምክሩ ግን ለነፍሰ ጡሯ ብቻ በጆሮዋ ይነገራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው የሚያዘጋጁት የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ይህን ለማስተካከል የተመቸ ነው፤ ገንፎና ቡና የሚቀርብበት ጉባኤ ስለሆነ ቡናው መቼ ቢቀርብ እንደሚሻል እዚያው ማሳየት ይቻላል።

## ጾሙ ነው ወይ?

ብዙ የጤና ባለሙያዎች የደም ማነሱን ጥፋት ቶሎ ብለው በጾም ላይ ያደርጉታል። ምክንያት የለውም ማለት አይቻልም። ከሁዳዴ 55 ቀን ጀምሮ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ሲቆጠር የዓመቱ ግማሽ ገደማ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይቀመስበት ነው፤ በቀላሉ ወደ ደም የሚገባው የሥጋ ብረት በዚያ ጊዜ የለም። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ በብዙ ቤት በፍስክም ቀን ሥጋ የለም፤ ከበዓል በዓል የሚታይ ነው። ሁለተኛ፣ የጾም ማዕድ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ክኩ፣ ጎመኑ ብረት ያለው ማዕድ ነው፤ ሎሚና ቃሪያ ታክሎበት፣ ሻዩ ተራርቆለት ሲበላ ከቅቤና ከወተት ማዕድ ለደም ይሻላል። ከባዱ ጫና የምግቡ ዓይነት ሳይሆን የሰዓቱ ርዝመት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የዋለ የነፍሰ ጡር ሰውነት በቀን አንድ ማዕድ ብቻ ይቀረዋል፤ ያንንም በሻይ ከዘጋችው ሁሉም ይባክናል።

ለዚህ በእምነቱ ውስጥ መንገድ አለ። ነፍሰ ጡር ከንስሐ አባቷ ጋር ተማክራ የጾሙን ጫና ማቅለል ትችላለች፤ በእስልምናም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሠጋች ረመዳንን በኋላ እንድታካክስ ተፈቅዶላታል። ብዙ ሴቶች ፈቃዱን እያወቁም ይጾማሉ፤ ያ የራሳቸው ውሳኔ ነው፣ ሊከበርም ይገባል። የጤና ባለሙያው ሥራ ከእምነቷ ጋር መከራከር አይደለም። ጾሟን ሳትለቅ እንክብሏን ማታ ስትተኛ መውሰድ እንደምትችል መንገር ነው። እንክብሉ ጾም ያስፈርሳል ወይ የሚለውን ጥያቄም ካህናት በአውደ ምሕረት ቢመልሱት ብዙ ሴት ትጠቀማለች።

## ከረጢቱ ውስጥ የሚቀረው እንክብል

በመንግሥት ጤና ተቋማት ለነፍሰ ጡሮች በነፃ የሚሰጠው እንክብል ብዙ ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይይዛል። ደም ላነሳት ሴት መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ በእጥፍ ይጨመራል። በወረቀት ላይ ይህ በቂ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከመቶ እናቶች 60ዎቹ አንድም ይሁን ብዙ እንክብል እንደወሰዱ ሲናገሩ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 11 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ሲል የነበረው 5 ስለነበር መሻሻሉ አይካድም። ሆኖም በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የሚያሳየው ነገር አለ። እንክብሉ እጃቸው ገብቷል፤ ከእጃቸው ወደ አፋቸው የሚወስደው መንገድ ላይ ነው የቀረው።

ለምን ትተዋለች? ፋርማሲስቶችና አዋላጆች በቅድሚያ የሚጠቅሱት ያው ነው፤ ያቅለሸልሻል፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ዓይነ ምድርን ያጠቁራል። የመጨረሻው ምንም ጉዳት የሌለው፣ ሰውነት ያልወሰደው ብረት ሲወጣ የሚታይ ቀለም ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት በሦስተኛው ቀን ስታየው ትደነግጣለች፤ ደም የሚፈሳት ይመስላታል፤ ከረጢቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ትወረውራለች። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ግማሽ ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ነው። ማቅለሽለሹ ለበረታባት ደግሞ ሌሊት ስትተኛ ወይም ከትንሽ ምግብ በኋላ መውሰድ ያቀለዋል፤ ድርቀቱን ውኃ፣ አትክልትና ተልባ ይረዳሉ። ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ ለእንክብሏ መልካም ጓደኛ ነው። ወተት፣ ሻይ፣ ቡናና የቃር መድኃኒት ግን ከእንክብሉ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራቁ። አንድ ቀን የተረሳ እንክብል በነጋታው በሁለት አይካካስም።

አንጀት ብረትን የሚቀበለው እንደ በር ጠባቂ የሚቆጣጠረውን ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን እየተከተለ ነው። ብዙ ብረት በአንድ ጊዜ ሲመጣ ሄፕሲዲን ይጨምርና የቀጣዩን ቀን ብረት ይከለክላል። በስዊዘርላንድ እርጉዝ ባልሆኑ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንክብሉ አንድ ቀን እየተዘለለ ሲወሰድ ከእያንዳንዱ እንክብል ወደ ደም የሚገባው እንደሚጨምር አሳይተዋል። በእርግዝና ሄፕሲዲን በተፈጥሮ ስለሚወርድ መደበኛው መመሪያ አሁንም በየቀኑ ነው። ነገር ግን በየቀኑ መውሰድ ያቃታት ሴት ፈጽማ ከምትተወው ተመልሳ መጥታ ብትነግር ሐኪሟ ሊያስተካክልላት ይችላል። ይህን ማወቅ ብዙዎችን ከመተው ያድናቸዋል፤ ሁሉ ወይም ምንም ብሎ ነገር እዚህ የለም።

> እንክብሉ እጃቸው ገብቷል። ወደ አፋቸው የሚወስደው መንገድ ላይ ነው የቀረው።

## «እናቶቻችን ያለ ኪኒን ወልደዋል»

ይህ ተቃውሞ ቀላል መልስ አያገኝም፤ እውነት አለበትና። ወልደዋል። ግን ስንቶቹ በወሊድ ደም ፈስሷቸው እንዳለፉ፣ ስንቱ ልጅ ዓመት ሳይሞላው እንደሞተ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያስታውሰው ነው፤ የተረፉት የሚናገሩት ስለ ተረፉ ነው። ከዚህ ሌላ «ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይከብዳል» የሚል ስጋት በብዙ ቦታ ይሰማል። በምዕራብ ኬንያ ወባ ባለበት አካባቢ በነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሙከራ ብረት የወሰዱት እናቶች ሕፃናት ክብደት በአማካይ በ150 ግራም ያህል እንደጨመረ አሳይቷል። ይህ ልጅን የሚያገዝፍ ሳይሆን ከሲታ ከመሆን የሚያድን ልዩነት ነው። ያው ጥናት ሌላ ከባድ ጥያቄ መልሷል፤ ብረት ወባን ያባብሳል የሚለውን። በዚያ ሙከራ ብረት በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል በወባ ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ወባ ባለበት አካባቢ ያለች ነፍሰ ጡር አጎበር ውስጥ ማደሯና ሲያተኩሳት ቶሎ መመርመሯ ግን ከእንክብሉ የማይነጠል ነው፤ ወባ ራሱ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳልና።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የድህነት ነው። ሎሚ ለመግዛት የምትቸገር ሴት ፊት ቆሞ ስለ ቫይታሚን ሲ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ስለ ምግብ ብቻ የምናወራ ከሆነ ነው። ለዚህም ነው «ጥሩ ጥሩ ምግብ ብዪ» የሚለው ምክር ፍትሕ የሚጎድለው፤ ሸክሙን በሙሉ በራሷ ኪስ ላይ ይጥለዋል። እንክብሉ ነፃ ነው፣ ውኃ ብቻ ይፈልጋል። የቡናውን ሰዓት ማዛወርም ገንዘብ አይጠይቅም። ሊጡን አንድ ቀን ጨምሮ ማቡካት፣ ከቁርስ ጋር ሻይ አለመጠጣት፣ ቃሪያ መጨመር፤ እነዚህ ለደሃዋም ለባለጠጋዋም እኩል ናቸው። እንዲያውም ምክሩ ከኪስ ወደ ሰዓት ሲዞር ነው ደሃዋን የሚያካትተው።

አዋላጆች የሚያነሱት ሌላ ሐቅ ደግሞ የጊዜ ነው። አግዳሚው ላይ ሠላሳ ሴት ስትጠብቅ ለአንዷ ዐሥር ደቂቃ የለም። ይህ እውነተኛ ጥበት ነው፤ በግለሰብ ቸልታም የሚብራራ አይደለም። አግዳሚው ግን ራሱ ክፍል ሊሆን ይችላል። እናቶቹ በሚጠብቁበት ሰዓት አንዲት ባለሙያ ለሁሉም በአንድ ላይ ስለ ጥቁሩ ዓይነ ምድር፣ ስለ ሻይና ስለ ማታ እንክብል ብትነግር፣ ውስጥ ያለችው አዋላጅ ለእያንዳንዷ «ትናንት ማታ በስንት ሰዓት ወሰድሽ?» ብቻ ብላ ብትጠይቅ ይበቃል። «ወሰድሽ ወይ?» ለሚለው «አዎ» ማለት ቀላል ነው። ሰዓቱን መናገር ግን የወሰደችውንና ያልወሰደችውን ይለያል።

## እንክብል የማይበቃበት ጊዜ

ሁሉም ደም ማነስ ከብረት አይመጣም፣ ሁሉም በእንክብል አይድንም። በቆላና በእርጥብ አካባቢ፣ ባዶ እግር በሚኬድበት እርሻ ላይ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ በየቀኑ ደም ይመጥጣል፤ ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ሦስት ወር በኋላ የትል መድኃኒት የሚሰጠው። የፎሌትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ደም ያሳንሳል። አንዲት ሴት እንክብሏን በደንብ ወስዳ ከአንድ ወር በኋላ ሄሞግሎቢኗ ካልጨመረ፣ ዝም ብሎ ሌላ ከረጢት መስጠት ሳይሆን ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሦስት ወር በክንድ የደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ፤ ለሚያስመልሳቸው ወይም ጊዜ ላጠራቸው ይረዳል፤ የሚሰጠው ግን በሆስፒታል ክትትል ነው። ሄሞግሎቢኗ ከ7 የወረደ፣ በተለይም ለመውለድ የተቃረበች ሴት ደም የሚሰጥበት ቦታ መድረስ አለባት። ቁጭ ብላ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ልቧ የሚመታባት፣ እግሯ የሚያብጥባት ነፍሰ ጡር ቀጠሮዋን መጠበቅ የለባትም።

ጉዳዩ በወሊድ ቀንም አያበቃም። ሕፃኑ ሲወለድ እትብቱን ወዲያው ከመቁረጥ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ በእንግዴ ልጁ ውስጥ የቀረው ደም ወደ ሕፃኑ እንዲፈስ ያደርጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንን ይመክራል። በአራስ ቤት እናቲቱ በገንፎና በአጥሚት ስትከበብ እንክብሉ ይረሳል፤ ከወሊድ በኋላም ቢሆን ከ6 እስከ 12 ሳምንት መቀጠሉ በእርግዝናና በመውለድ የጠፋውን ክምችት ለመመለስ ይጠቅማል። አራስ በምትጠየቅበት ቤት ከረጢቱ ልጆች የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ለእናት መድኃኒት የሆነው ብረት ትንሽ ልጅ ብዙ ከዋጠው ሊገድለው ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቀጣዩ እርግዝና ነው። ባዶ ክምችት እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳል፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንደገና ማርገዝ ሴትዮዋን ከጎደለው ላይ ያስጀምራታል። ስለዚህ ሕፃኑን ለክትባት ስታመጣ ስለ ልጅ ማራራቅ መጠየቋ የዚሁ የብረት ሕክምና ክፍል ነው፤ ባሏም አብሯት ቢመጣ ይመረጣል።